ዝም ያለ ተስማምቷል

መተማ ዮሐንስ ላይ ሰው ሥራህን ሲጠይቅህ አጭር መልስ ይወዳል። ሾፌር ነኝ፣ ትራንዚተር ነኝ፣ ሰሊጥ አርሳለሁ፣ በቃ። እኔ ግን «አስተርጓሚ ነኝ» ባልኩ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይከተለኛል፤ «የማን?» የምሠራበት ድርጅት የብዙ አገሮች ነው። ሲቀጥሩኝ፣ የብዙ አገሮች ማለት የማንም አይደለም ማለት ነው ብለውኛል። እኔም አምኜ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ስናገር ከረምኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ብቻ «የማንም ያልሆነ መኪና አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ምንም የማያውቅ ሰው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ዓረብኛውን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ከአባቴ ጋር ጋላባት ገበያ ስመላለስ የለቀምኩት ነው። ማዶ ጦርነቱ ተነሥቶ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ድንበሩን ሲሻገር፣ ድርጅቱም ነጫጭ መኪኖቹን ይዞ ከወዲህ መጣ። ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ እኔን አገኙ። ጠመኔዬን ጥዬ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ መምህር የሆነ ሰው አይጠይቀኝም።

ድርጅቱ በየሳምንቱ ረቡዕ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር። መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ የስብሰባውን ደንብ መተርጎም ነው። «ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ እያንዳንዱ አባል አገር እኩል ድምፅ አለው» ይላል። እውነቱን ልናገርና ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ አይቼው የማላውቀውን ነገር በገዛ እጄ ጻፍኩት። ምሳዬን ሳልበላ ሁለት ጊዜ መልሼ አነበብኩት።

ሰብሳቢነቱ በየተራ ነበር። በኔ ጊዜ ተራው የደረሰው የአንዲት ደሴት አገር ሰው ነው። አገሩን ድሮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ካርታ ላይ ብፈልጋት ምስማሩ የተመታበት ቦታ ሆና አገኘኋት። ደግ ሰው ነበር። ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ከተሸፈነው ጠረጴዛ ራስጌ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ትንሽ ደወል፣ ትንሽ ባንዲራና ትልቅ መሐረብ አለው። በደወሉ ስብሰባ ይከፍታል፣ በመሐረቡ ላቡን ይጠርጋል። ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም።

በሩ ጥግ ደግሞ እጀ ጉርድ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣል። የታላቋ አገር ሰው ነው። የአገሪቱን ስም አልጠራም፤ ስብሰባው ላይም ሲጠራ አልሰማሁም፤ ሁሉም «በሩ ጋ ያለው ወዳጃችን» እያለ ነበር የሚያልፈው። መዝገቡ ላይ «ታዛቢ» ተብሎ ተጽፏል፤ ድምፅ የለውም። ስልኩን ሲነካካ ይቆይና በስብሰባ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ይናገራል፤ «አገሬ በዚህ ጉዳይ አቋም የላትም፤ ትንሽ ስጋት ብቻ አላት።» ይህን ሲል ሰብሳቢው ደወሉን ይመታል፤ የሻይ እረፍት ይሆናል። ከሻይ በኋላ ሁሉም አገር ስጋት ይዞት ይመለሳል። አንድ ቀን እርዳታ የሚታደልበት ቀን ማክሰኞ እንዲሆን አሥራ አንድ አገር እጁን አውጥቶ ጨርሶ ነበር። ሰውየው ትንሽ ሰጋ። ከሻይ በኋላ ሐሙስ ሆነ፤ ያውም በሙሉ ድምፅ።

አንድ ሳምንት ወባ ጣለውና ቀረ። የዚያን ረቡዕ ስብሰባ መቼም አልረሳው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ከዚያ ሁሉም ዞር ብሎ ባዶውን የፕላስቲክ ወንበር ያያል። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይጨመር ወይስ ይቀነስ የሚለው እንኳ ሳይወሰን ተበተንን።

እንዴት እንደሚያደርገው እስኪገባኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ፈዛዛ ሆኜ አይደለም፤ ደንቡን ስላመንኩ ነው። ሰውየው ጠዋት ጠዋት ሆቴሉ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ ፉል ይበላል። ብቻውን አይበላም። ዛሬ ከአንዱ አገር ተወካይ ጋር፣ ነገ ከሌላው ጋር ነው። አንዱ ለልጁ የትምህርት ዕድል ይፈልጋል፤ አንዱ ቀጣዩ ምድቡ በረሃ እንዳይሆን ይፈልጋል፤ አንዱ ደግሞ ምንም አይፈልግም፣ መጠራቱ ብቻ ያስደስተዋል። ሰውየው ፉሉን በዳቦ እየጠቀሰ ያዳምጣል። አንድም ቀን ሲያስፈራራ ሰምቼው አላውቅም። ቃለ ጉባዔ የምትይዘው ጸሐፊም ከሱ አገር በውሰት የመጣች ናት። እኔ ፉል መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ስብሰባው እሱ ነው። ረቡዕ የሚወሰነው ውሳኔ ለትርጉም እጄ የሚገባው ሰኞ ጠዋት መሆኑ ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ታላቅ እህቴ ከሽንፋ ወንዝ ብዙ በማይርቅ የገበሬ መንደር ትኖራለች። ወንዙ ቅርብ ነው ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ግን ለነሱ ነው። በጋው ሲበረታ ሽንፋ ወንዝነቱን ይተውና እዚህም እዚያም የታቆረ ውሃ ይሆናል። ከብቱም አህያውም ሰዉም የሚጠጣው ከዚያው ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከማዶ የሸሹ ሰዎች በየቤቱ ደጃፍ ራኩባ፣ የእንጨትና የሣር ዳስ፣ ተሠርቶላቸው መንደሩ እጥፍ ሆኗል። ሂዱ ያላቸው የለም። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ የተቅማጥ ወረርሽኝ መጣ። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፋ ተኛች። ተረፈች። ከጎረቤት ልጆች ግን ያልተረፉ ነበሩ።

ድርጅቱ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍር መኪና ሊያመጣ ነው የሚለው ወሬ እንደተሰማ እህቴ ደወለች።

«ወንድማለም፣ አንተ እዚያው ነህ አይዶል? ጉድጓዱን ወዲህ በልልን።»

«እታለም፣ እኔ እኮ አስተርጓሚ ነኝ።»

«እሱኑ አስተርጉምላቸዋ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መንደሩን ሁሉ «ወንድሜ እዚያ አለ፣ አትስጉ» ብላ አሳርፋዋለች።

መኪናው አንድ ነው፤ የሚቆየውም ዝናቡ እስኪጀምር ነው፤ ዝናብ ከጣለ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ስለዚህ የሚቆፈረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ አጥንተው ውሃው በደንብ የሚገኘው እህቴ መንደር ነው ብለው ጻፉ። ጥናቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ በደስታ ነበር የተረጎምኩት። ሌላው የታሰበው ቦታ አስፋልቱ ዳር ያለው መጠለያ ነው። እዚያ የውሃ ቦቴ በቀን ሁለቴ ይመላለሳል። ግን አስፋልት ዳር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ታላላቅ እንግዶች ጫማቸው አቧራ ሳይነካው ሊያዩት የሚችሉት ጉድጓድ ያ ነው። መኪናውን የሰጠችው ደግሞ ሌላ ታላቅ አገር ናት፤ በመኪናው ጎን የአልጋ ልብስ የሚያህል ባንዲራ ለጥፋበታለች፤ ባንዲራው ከመንገድ እንዲታይላት ትፈልጋለች። እነዚህ ሁለት አገሮች በዓለም ላይ የሚስማሙበት ነገር የለም ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን በአንድ ሳህን ፉል ተስማሙ።

መንደሩ ሁለት ሰው ላከ። አንዱ ወላጆቻቸው ከደጋ ወርደው ጫካውን መንጥረው ቦታውን ካቀኑት ሰዎች የሆኑ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ገበሬ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ሽንፋ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ደንበኛቸው የሆነ ሐጂ ናቸው። ሰብሳቢው ይናገሩ ብሎ ፈቀደላቸው።

ሽማግሌው አዳራሹን አንድ ጊዜ ቃኙትና ነገሩ የገባቸው መሰላቸው። እኛ አገር ትልቅ ሰው ራስጌ ይቀመጣል፤ በር ላይ የሚቀመጠው ታዛዥ ነው። ለሰብሳቢው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ ታላቋ አገር ሰው ዞረው «አንተ፣ እስቲ በሩን ዝጋልን፤ አቧራው ገባ» አሉት። እኔ «እባክዎ ቢቻልዎት» አድርጌ ተረጎምኩት። ሰውየው ተነሥቶ ዘጋው። አሥራ አንድ አገር ያልደፈረውን የመተማ ገበሬ አደረገው፤ ታላቋን አገር አዘዛት።

ከዚያ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ለሰብሳቢው ብቻ ተናገሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። ከማዶ የመጣውን ሰው እንዳልመለሱ፣ ማሽላቸውን እንደተካፈሉ፣ ባለፈው ክረምት ስንት ትንንሽ መቃብር በአንድ ሳምንት እንደቆፈሩ ተናገሩ። ሰብሳቢው አለቀሰ። በእውነት አለቀሰ፤ ያ መሐረብ ከላብ ሌላ ነገር ሲጠርግ ያን ቀን አየሁ። ሲጨርሱ ተነሥተው «ሥልጣንህን ያጽናልህ» ብለው መረቁት። የሌለውን ሥልጣን። ከኋላቸው፣ በሩ ጋ፣ ሰውየው ቀና ብሎ ትንሽ ስጋት እንዳለው ተናገረና ደወል ተመታ።

ሐጂ ውጭ ጥግ ጠሩኝ። «ያ በር ላይ ያለው ማን ነው?»

«ታዛቢ ነው ሐጂ።»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዕድሜዬን የነገድኩ ሰው ነኝ። ሱቅ ውስጥ ሚዛኑን የሚይዘው ተቀጣሪው ነው። ባለቤቱ በር ላይ ተቀምጦ የሚገባውን የሚወጣውን ያያል። ምነው ቀድመህ ሹክ ብትለን?»

«አስተርጓሚ የራሱን አይጨምርም፤ ደንብ ነው» አልኳቸው።

«ወላሂ ጥሩ ደንብ ነው» አሉ፣ «ለባለቤቱ።»

ውሳኔው ለቀጣዩ ረቡዕ አደረ፤ ሰኞ ረቂቁ መጣልኝ። ጉድጓዱ አስፋልቱ ዳር ይቆፈራል። መጨረሻው ላይ «የመንደሩ ተወካዮች በውሳኔው መስማማታቸውን በምስጋና ገለጹ» ይላል። ስብሰባው ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። ጸሐፊዋን «ገና አልገለጹም እኮ» ብላት «ረቡዕ ማታ ስታነበው ትክክል ይሆናል» አለችኝ፤ ሳትስቅ ነው የመለሰችልኝ። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። በቀረበ ረቂቅ ላይ ተቃውሞ ካልተሰማ ረቂቁ በሙሉ ስምምነት እንደጸደቀ ይቆጠራል ይላል። በአጭሩ፣ ዝም ያለ ተስማምቷል። ሥራውን የሚያፋጥን ጥሩ አንቀጽ ነው ብዬ የተረጎምኩትም እኔው ነኝ።

ሰኞንና ማክሰኞን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለእህቴ መደወል እችል ነበር፤ ለሐጂም እችል ነበር። «ሲነበብ እንቢ በሉ፣ ጮክ ብላችሁ» ማለት ይበቃ ነበር። አልደወልኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ምስጢር እጠብቃለሁ ብዬ መፈረሜን ነው። እውነቱ ግን ፈራሁ። ውሌ የሚታደሰው በዚያው ወር ነበር። ደግሞም ሽማግሌው አንደበተ ርቱዕ ናቸው፣ ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እያወቁ አለቁ ይባላል፤ እኔ እያወቅሁ ሌላ ሰው አስጨረስኩ።

ረቡዕ ጸሐፊዋ አነበበች፣ እኔ ተረጎምኩ። የራሳቸውን ምስጋና ለራሳቸው ነገርኳቸው። ሰብሳቢው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ተቃውሞ አለ?» አለ።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን በዱላቸው ራስ ላይ ደራረቡ። አገጫቸውን እጃቸው ላይ አሳረፉ፣ ዓይናቸውንም መሬት ላይ ተከሉ። ሐጂም አንገታቸውን ደፉ። የዚህን ትርጉም የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። እንግዳን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ሽማግሌ የበደለውን ሰው አይሰድብም፣ ዝም ይለዋል። ዝም የተባለ ሰው ይደነግጣል፣ ይነሣል፣ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይለምናል፤ ሳይለምን ነገሩ ፈቅ አይልም። በዚህ ዝምታ የተቆረጠ ሠርግ ሲፈርስ አይቻለሁ፤ ሊያልቅ የደረሰ የደም እርቅ ሲቆም አይቻለሁ። ከዚህ የከበደ እንቢታ እኛ ዘንድ የለም።

ሰብሳቢው ትንሽ ጠበቀና ደወሉን መታ። «በሙሉ ስምምነት» አለ። ጭብጨባ ሆነ። በሩ ጋ ያለው ሰው እንኳ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጨበጨበ።

ሽማግሌው አልተነሡም። ሰዉ በፊታቸው እያለፈ ወደ ሻይ ሄደ። የአንዷ አገር ተወካይ ጎንበስ ብላ ስለ ትብብራቸው አመሰገነቻቸው፤ ምስጋናዋን ሳልተረጉመው ቀረሁ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሽማግሌው አገጫቸውን ከዱላው ላይ ሳያነሡ «መቼ ነው የሚመጡት?» አሉኝ።

«እነማን?»

«ምን አጠፋን የሚሉን ናቸዋ።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አንቀጹንም፣ ሰኞ የመጣውንም ወረቀት ነገርኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር። «ያልነውን ሁሉ ተረጎምክ» አሉ፣ «ዝም ያልነውን ለምን አልተረጎምክልንም?»

በማግስቱ ለሰብሳቢው ማስታወሻ ጻፍኩ። የሽማግሌዎቹ ዝምታ በአገሩ ልማድ ብርቱ ተቃውሞ ነው ብዬ አስረዳሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጨመርኩ። ደጉ ሰብሳቢ ነገሩ ልቡን ነክቶት ማረሚያ አዘጋጀ። ማረሚያውም በደንቡ መሠረት ለሁሉም አባላት በኢሜይል ተላከ፤ እስከ ዓርብ ቀትር ተቃውሞ ካልመጣ ይጸድቃል። ዝም ያለ ተስማምቷል። ሰው ዝም እንዲል በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። አሥራ አንድ አገር ዝም አለልኝ። ዓርብ ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንዲት አጭር መልእክት መጣች፤ «በማረሚያው ላይ አቋም የለንም፤ ትንሽ ስጋት ግን አለን።» የጻፋት ድምፅ የሌለው ሰው ነው። በቃች። ማረሚያው በዚያው ቀረ፣ ሰብሳቢውም ለሁሉም ስለ ገንቢ አስተዋፅዖአቸው የምስጋና ደብዳቤ ላከ።

ሰውየውን ክፉ ነው ልበል ብል ደግሞ አይሆንልኝም። ቅዳሜ ጠዋት ማንጎው ሥር ጠራኝ። ፉል አዘዘልኝ። ማስታወሻዬን እንዳነበበው፣ ባህላችን ጥልቅ እንደሆነ፣ እንደኔ ያለ ሰው ለድርጅቱ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ውሌ እንዲታደስም ጥሩ ቃል ተናግሮልኝ እንደነበር እግረ መንገዱን ጣል አደረገ። ፉሉ ላይ ሽንኩርትና አይብ በደንብ ተነስንሶበታል። በላሁ።

እሑድ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ቀድመው ነግረዋት ይሆናል፣ እኔ ከመናገር እድናለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ወንድምሽ ይነግርሻል» ብለዋት ነው ያለፉት። ደጃፏ ላይ ጄሪካኖቹን አህያዋ ላይ ስትጭን አገኘኋት። ትንሿ ልጅ ራኩባው ጥላ ሥር ከማዶ ከመጡት ልጆች ጋር በዓረብኛ እየቆጠረች ትጫወታለች። እህቴ ስታየኝ ፊቷ በራ።

«መኪናው መቼ ነው የሚመጣ?»

«አይመጣም እታለም። አስፋልቱ ዳር ነው የሚቆፈረው።»

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። «ሽማግሎቹ ምነው? አልተናገሩም?»

«ተናግረዋል። ኋላ ላይ ሲነበብ ግን ዝም አሉ።»

«ደግ አደረጉ» አለች። እሷ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ቀጥላ ግን አየችኝ። «አንተስ? እንዲህ እንደሚሆን ሳታውቅ ነው?»

ስለ ደንቡ፣ ስለ ፊርማዬ፣ ስለ ማስታወሻዬ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ከወዲያ ሆና ስትስቅ ሰማኋትና ተውኩት። አፈርኩ። «ከሰኞ ጀምሬ አውቅ ነበር» አልኳት።

«እና ምን አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

ገመዱን አጥብቃ ቋጠረችው።

«እንግዲያማ ተስማምተሃል» አለች፤ አህያዋን መታ አድርጋም ወደ ታቆረው ውሃ ወረደች። መሬት ላይ የቀረውን አንድ ጄሪካን አንሥቼ ተከተልኳት። ናም አላለችኝ፣ ተመለስም አላለችኝ።